እስከ ቅዳሜ አትንገሩኝ

እኛ ቤት ሞት የሚገባው ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ሰው ሁሉ ከሥራ ሲያርፍ። ይህን ያወቅሁት የእማዬ ወንድም ጎንደር ላይ የሞተ ጊዜ ነው። እማዬ ያኔ የነርስ ረዳትነት ፈተና ልትወስድ እያጠናች ነበር። አባቴ ያውቃል፣ አክስቴ ታውቃለች፣ የቤተ ክርስቲያን ሰው በሙሉ ያውቃል፤ እሷ ብቻ አታውቅም። «ፈተናዋን ትጨርስ» ተባለ። ጨረሰች፣ አለፈች፣ ኬክ ቆረስንላት፣ አጨበጨብንላት። በማግሥቱ ቅዳሜ ገና ሳይነጋ በራችን ተንኳኳና ጋቢ የለበሱ ትልልቅ ሰዎች ሳሎናችን ገብተው ቆሙ። አንዳቸውም አልተቀመጡም። እማዬ ከመኝታ ቤት በፒጃማ ወጥታ አየቻቸውና፣ ማንም አፉን ሳይከፍት፣ ጮኸች።

እኔ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ሁሉንም አይቻለሁ። ስለዚህ ምልክቶቹን አውቃቸዋለሁ። ስልክ ይዞ ባኞ ቤት መግባት። እኔ ስመጣ ቀጥ የሚል ወሬ። ያለ ምክንያት «ምን ልሥራልሽ?» የምትል እናት። ታዲያ እነዚህ ምልክቶች በሙሉ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው አፓርታማችን ውስጥ ባንድ ሳምንት ብቅ ብቅ አሉ። የዚያው ሳምንት ቅዳሜ ደግሞ እኔ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ፣ ኦዲሽን የሚሉት የቲያትር መመረጫ ፈተና ነበረኝ።

አሌክሳንድሪያ አንድ ትንሽ ቲያትር ቤት አለ። በየሰመሩ፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ከሜሪላንድና ከቨርጂኒያ ታዳጊዎችን ይመርጥና ከእውነተኛ ተዋንያን ጋር እውነተኛ መድረክ ላይ ያወጣቸዋል። ያንን ቦታ የፈለግሁትን ያህል በሕይወቴ ምንም ነገር ፈልጌ አላውቅም። ባለፈው ዓመት በትምህርት ቤታችን ቲያትር የደረሰኝ መጋረጃ መሳብ ነበር። በጣም ጥሩ አድርጌ ነው የሳብኩት። ግን መጋረጃ ነው።

ያን ጊዜ አባቴ ከእኔ በላይ ተናዶ ነበር።

«ማን ነው ያነጋገረልሽ?» አለኝ።

«ማንም። ራሴ ነኝ የቀረብኩት።»

«ብቻሽን?»

«ብቻዬን ነዋ፣ አባዬ።»

«እሱ ነዋ!» ብሎ ራሱን ነቀነቀ፤ የበሽታውን ምክንያት እንዳገኘ ሐኪም።

አባቴ ታክሲ ይነዳል። ቀኑን ሙሉ ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ስለሚውል ነው መሰለኝ፣ ሰው ሰውን ካላነጋገረ በዚህ ዓለም ምንም ነገር አይሆንም ብሎ ያምናል። ሀያትስቪል ምድር ቤት ተከራይተን ሳለን ባለቤቱ ውጡልኝ ሲለን እንኳ ትልልቅ ሰዎች ልኮ ነው ብርዱ እስኪያልፍ ያስፈቀደው።

ለኦዲሽኑ ሁለት ደቂቃ የሚሆን ሞኖሎግ፣ አንድ ሰው ብቻውን የሚናገረው ንግግር፣ ያስፈልጋል፤ ራስሽ የጻፍሽው ቢሆንም ይቻላል ይላል ማስታወቂያው። እኔም ጻፍኩ። አንዲት ልጅ ለአያቷ ስልክ ትደውላለች፤ ኦዲሽን ማለት ምን እንደሆነ ልታስረዳቸው ትሞክራለች፤ መስመሩ ይቆራረጣል። የሚሰማው የልጅቷ ድምፅ ብቻ ነው። እውነቱን ለመናገር ብዙም አልፈጠርኩም። ደብረ ብርሃን ያሉት አያቴ፣ የእማዬ አባት፣ በየእሑዱ ይደውላሉ፤ አንድ እሑድ እንዲህ ተባብለን ነበር፦

«አባባ፣ ኦዲሽን አለኝ።»

«ምንድን ነው እሱ?»

«ሰዎች ፊት ቆሜ ሌላ ሰው እሆናለሁ። ከወደዱኝ ይወስዱኛል።»

«ሌላ ሰው ሆነሽ ከወደዱሽ፣ የሚወስዱት ማንን ነው?»

«እኔን ነዋ!»

«ታዲያ መጀመሪያውኑ አንቺን ሆነሽ ብትሄጂ ምናለ? መንገዱ ያጥርልሻል።»

ይህን ወደ እንግሊዝኛ መለስኩት። «አባባ» የሚለውን ግን እንዳለ ተውኩት፤ በሌላ ቃል ብጠራቸው የሚዞሩልኝ አልመሰለኝም። መጀመሪያ ለትምህርት ቤቴ የድራማ አስተማሪ ሳሳያት መነጽሯን እስክታወልቅ ሳቀች። «አንዲት ቃል እንዳትነኪ» አለችኝ። በደስታ እየዘለልኩ ነው ወደ ቤት የሄድኩት።

ያ ሁሉ እሑድ ላይ ተበላሸ። አያቴ አልደወሉም።

«አባባ ለምን አልደወሉም?» አልኳት እማዬን።

«ኔትወርክ ይሆናል» አለች። ያጠበችውን ብርጭቆ እንደገና ታጥባለች።

ሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ የአባቴ ታክሲ በር ላይ ቆሟል። አባቴ በዚያ ሰዓት ቤት ኖሮ አያውቅም። ከባኞ ቤት ድምፁ ይሰማል፤ ውኃውን ከፍቶታል፣ ግን የሚታጠብ ሰው ድምፅ አይደለም።

«ቅዳሜ በጠዋት... አዎ፣ ሦስት ከሆናችሁ ይበቃል... የሚናገሩት እርስዎ ይሁኑ እባክዎ፣ አንደበትዎ ያምራል... አይ፣ አይ፣ እሷ አታውቅም! እንዳትሰማ።»

ቦርሳዬን እንደያዝኩ ግድግዳው ላይ ተደገፍኩ። «እሷ» ማን ናት? እማዬ እንዳልል፣ እማዬ ራሷ ኩሽና ቆማ ወደ ባኞ ቤቱ እያየች ከንፈሯን ትነክሳለች። ስለዚህ እማዬ ታውቃለች። የማላውቀው እኔ ነኝ። ሦስት ሰው፣ ቅዳሜ በጠዋት፣ አንደበቱ የሚያምር ሽማግሌ፣ እሑድ ያልደወሉ አያት። ሒሳብ አልወድም፤ ይህን ግን ቶሎ ደመርኩት።

አሁን ሰው «ለምን አልጠየቅሽም?» ይለኛል። ወይም «ለምን ለአያትሽ አልደወልሽም?» ስልኬ እኮ ኪሴ ውስጥ ነው። ቁጥራቸው ከላይ ነው። ጣቴን አስጠግቼ እመልሳለሁ። ካልደወልኩ አባባ አሉ። ከደወልኩና ሌላ ሰው ካነሣው፣ ሁለቱም ነገሮች ባንድ ጊዜ ይሄዳሉ፤ እሳቸውም፣ ኦዲሽኑም። ስለዚህ አልደወልኩም። ቤታችን ውስጥ ሁላችንም የምንደብቅ ሆንን፤ እነሱ ከእኔ፣ እኔ ከእነሱ።

የሚያበሳጨኝ ደግሞ ሰዓቱ ነው። ለእማዬ ፈተናዋን እስክትጨርስ ጠብቀዋት የለ? ለእኔ ለምን እስከ ቅዳሜ ማታ አይጠብቁም? ኦዲሽን ፈተና መሆኑን የነገራቸው የለም?

በዚያ ሳምንት አንድ ቦታ መቀመጥ አልቻልኩም። እራት ላይ እግሬ ጠረጴዛውን ያንቀጠቅጠዋል፤ እማዬ ዝም ብላ የሾርባውን ሳህን ትይዛለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን «እግርሽን!» ትለኝ ነበር። ክፍሌ ውስጥ ከአልጋው እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ አልጋው እየሄድኩ ሞኖሎጉን እላለሁ፤ «አባባ፣ ይሰማዎታል?» የሚለው ጋ ስደርስ አቋርጣለሁ። እንደገና ከመጀመሪያው። እንደገና አቋርጣለሁ። ልብስ እቀይራለሁ። ጸጉሬን አስሬ እፈታለሁ። መስኮት እከፍታለሁ።

ረቡዕ ለድራማ አስተማሪዬ በድጋሚ አሳየኋት። እስክጨርስ አልጠበቀችም።

«ምን ሆነሽ ነው?» አለች። «ይሄ ነገር ያስቅ ነበር። አሁን ሰው የሞተ ነው የሚመስለው።»

«እያሻሻልኩት ነው» አልኳት፤ ምን ልበላት?

«አታሻሽዪው» አለች።

በዚያው ቀን በጆርጂያ አቬኑ አውቶቡስ ወደ ቤት ስመለስ፣ ሰው ለብቻዋ የምታወራ እብድ እንዳይለኝ ጆሮዬ ላይ ኢርፎን ሰክቼ፣ መስኮቱን እያየሁ እለማመዳለሁ። ቃሉን ሁሉ ወደ አማርኛ መልሼዋለሁ፤ በአማርኛ ካልኩት የማልፈው መስሎኝ። «አባባ? ይሰማዎታል? አባባ፣ አሉ?» ትከሻዬን ሰው ነካኝ። ከኋላዬ የተቀመጡ፣ የጽዳት ሥራ ዩኒፎርም ላይ ነጠላ ጣል ያደረጉ እናት ናቸው።

«ኔትወርኩ ነው የኔ ልጅ» አሉኝ። «የእኛም ሰፈር ካርድ ከበላ በኋላ ነው የሚሰማው። ትንሽ ቆይተሽ ሞክሪላቸው፣ ያነሣሉ።»

«እሺ» አልኩ።

«አይዞሽ። አባትሽ ናቸው?»

«አያቴ።»

«ታዲያማ ያነሣሉ! ሽማግሌ ስልክ አይጥልም፤ ትራሱ ሥር ነው የሚያስቀምጠው።»

ከቤቴ ሦስት ፌርማታ ሲቀረኝ ወረድኩና በእግሬ ሄድኩ።

ዓርብ ማታ እማዬ ነጭ ሸሚዜን ተኮሰችልኝ። ኮሌታውን ደግማ ደጋግማ ተኮሰችው።

«ነገ ብቻሽን እንዳትሄጂ» አለች፤ ዓይኗ ከካውያው አይነሣም። «አባትሽ ያደርስሻል።»

«ኦኬ።»

«ደግሞ... ጠዋት ምንም ብታዪ እንዳትደነግጪ። እኔ ተው ብዬው ነበር። አባትሽ ስለሚወድሽ ነው፣ እሺ?»

እንዳትደነግጪ! ከዚህ ወዲያ ምን ይነገረኛል? «ኦኬ» ብዬ ሸሚዙን ተቀብያት ክፍሌ ገባሁ፤ በሩን እንደዘጋሁም ወሰንኩ። ሽማግሌዎቹ ከመምጣታቸው በፊት እወጣለሁ። በሜትሮ ባቡር ብቻዬን አሌክሳንድሪያ እሄዳለሁ፣ ሞኖሎጌን አቀርባለሁ፣ ከዚያ ቤቴ መጥቼ እቀመጥና «አሁን ንገሩኝ» እላቸዋለሁ። እስከዚያ አያቴ በሕይወት ይኖራሉ። ቢያንስ እስከ ምሳ ሰዓት።

ጠዋት ልብሴን ለብሼ፣ ጫማዬን በእጄ ይዤ፣ በካልሲ ሳሎኑን አቋረጥኩ። የአባቴ ክፍል መብራት በርቷል። ሰንሰለቱን ቀስ አድርጌ አነሣሁ። ቁልፉን አዞርኩ። በሩን ከፈትኩ።

ሦስት ሽማግሌዎች።

ጋቢያቸውን በኮታቸው ላይ ደርበው፣ ክራባት አስረው ቆመዋል። ከፊት ያሉት ባለ ከዘራው በቤተ ክርስቲያናችን ሰው ሁሉ ሲጣላ ለእርቅ የሚጠራቸው አባት ናቸው፤ እጃቸው አየር ላይ ነበር፣ ሊያንኳኩ። ከኋላቸው ረጅሙ፣ ኮሌጅ ፓርክ ትንሽ ሱቅ ያላቸው። ሦስተኛው የአባቴ ጓደኛ፣ ቨርጂኒያ በርክ የሚኖሩት ባለ ታክሲ።

«እንደምን አደርሽ የኔ ልጅ» አሉ ባለ ከዘራው።

ጫማዬ ከእጄ ወደቀ።

«አይንገሩኝ!» አልኩ። «አባባ፣ እባክዎ አይንገሩኝ! እስከ ማታ ብቻ! ኦዲሽኔን ልጨርስ፣ ከዚያ አለቅሳለሁ፣ የፈለጋችሁትን ያህል አለቅሳለሁ!» ሁለቱንም ጆሮዬን ያዝኩ። ጆሮ ግን በእጅ አይዘጋም፤ ሁሉም ይሰማል።

«ምን ሆና ነው?» አሉ ረጅሙ።

«እኔ ምን አውቃለሁ፤ ሳትበሉ ጠዋት ተነሡ ያልከን አንተ» አሉ ባለ ከዘራው ወደ ውስጥ እያዩ። አባቴ ክራባቱን በግማሽ አስሮ እየሮጠ መጥቷል።

«ምንድን ነው? ምን ነካሽ?»

«አባባ ሞተዋል አይደል?»

«የማን አባባ?»

«የእኔ! የደብረ ብርሃን!»

ከአባቴ ጀርባ «እ?» የሚል ድምፅ ተሰማ። እማዬ ናት። ሽማግሌዎቹን አየች። ጋቢያቸውን አየች። እኔን አየች። ፊቷ ሲለወጥ አየሁት፤ ልክ እንደዚያን ጊዜው።

«አባቴ?» አለች። «አባቴን ነው? ለልጅቷ ነው ብላችሁ አታላችሁኝ ነው? እናንተ ሰዎች! እኔን ነው የደበቃችሁኝ?»

«ኧረ አንቺ ሴት...» አለ አባቴ።

«አትንካኝ!»

ማዶ ያሉት ጎረቤታችን በራቸውን ከፍተው ውሻቸውን እንዳቀፉ ያዩናል። በርክ የሚኖሩት ሽማግሌ «ጉድ ሞርኒንግ፣ ኖ ፕሮብሌም» ይሏቸዋል፤ እማዬ ታለቅሳለች፤ እኔ አለቅሳለሁ። ባለ ከዘራው በመጨረሻ ከዘራቸውን ወለሉ ላይ መቱ።

«በሕግ!» አሉ። «ማንም አልሞተም! እኛ የመጣነው ለቲያትሩ ነው!»

እጄን ከጆሮዬ አወረድኩ።

«ለየትኛው ቲያትር?» አልኩ።

አባቴ ክራባቱን ይጎትታል። «ባለፈው ብቻሽን ሄደሽ መጋረጃ ሰጡሽ» አለ። «አሁን ሽማግሌ ልኬልሽ ነው።»

እማዬ ግን አላመነችም። የአባቷን ድምፅ ካልሰማች አታምንም። እዚያው በሩ ላይ ደወለች፤ ስፒከር ላይ አደረገችው፤ ስድስታችን ስልኩ ላይ አጎነበስን። ጠራ። ጠራ። እንደገና ጠራ።

«ሃሎ» አሉ አያቴ።

እኔ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

«አባዬ! የት ጠፍተህ ነው?» አለች እማዬ እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች።

«ስልኩ ላይ ተቀምጬበት! ሳምንቱን ሙሉ ሠሪው ዘንድ ከረመ። ምነው፣ ታለቅሻለሽ እንዴ?»

አባቴ ስልኩን ነጥቋት ነገሩን ሁሉ አስረዳቸው፤ ስለ ቲያትሩ፣ ስለ ሽማግሌዎቹ። አያቴ ከሽማግሌዎቹ ጋር በየተራ ሰላምታ ተለዋወጡ፤ ረጅሙ ደብረ ብርሃን ላይ ወታደር ሆነው ስለነበሩ ያም ወሬ ተነሣ። ከዚያ አያቴ ወደ ቁም ነገሩ ገቡ።

«እዚያ ስትደርሱ ተቀመጡ ይሏችኋል» አሉ። «ጉዳያችሁ ሳይሰማ እንዳትቀመጡ።»

«ይታወቃል እንጂ» አሉ ባለ ከዘራው።

«ልጅቷ አለች?»

«አለሁ አባባ!» አልኩ ከወለሉ።

«ምነው ጠፋሽ? ስልክ ቢሰበር በጎረቤት አይጠየቅም?»

ሳቅሁ፤ እየሳቅሁም አለቀስኩ፤ ንፍጤ ሸሚዜ ላይ ወረደ፤ እማዬ ሸሚዙን አስወልቃኝ እንደገና ተኮሰችው።

በአባቴ ቫን ታክሲ ስድስት ሆነን ከተማውን የሚዞረውን አውራ ጎዳና፣ ቤልትዌዩን፣ ያዝን። እማዬ ከፊት፣ እኔ ከኋላ በሁለት ጋቢ መሃል። በርክ የሚኖሩት ሽማግሌ ገና በጨለማ ከቨርጂኒያ ሜሪላንድ የመጡት ተመልሰው ቨርጂኒያ ሊሄዱ እንደሆነ አሁን ገና ገባቸው መሰለኝ፤ ድልድዩ ላይ ወንዙን እያዩ «እኔ እኮ እዚያው ብጠብቃችሁ...» ብለው ተዉት። እግሬ አላርፍ አለ።

«መኪናው ነው ወይስ አንቺ ነሽ የምትንቀጠቀጪው?» አሉኝ ረጅሙ።

«እኔ ነኝ፣ ይቅርታ።»

ባለ ከዘራው ግን አልሳቁም። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ንግግራቸውን እየተለማመዱ ነው። ልክ እንደ እኔ መስኮቱን ያያሉ፣ ይጀምራሉ፣ ይተዉታል፣ ከመጀመሪያው ይጀምራሉ።

«ስንት ደቂቃ ይሰጣሉ?» አሉኝ በሹክሹክታ።

«ሁለት።»

«ለሁለት ደቂቃማ ሰላምታውም አያልቅ።»

ቲያትር ቤቱ ሎቢ ውስጥ እንደ እኔ የሚጠብቁ ልጆች ከእናቶቻቸው ጋር ተቀምጠዋል፤ ሁሉም ጸጥ ብለው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። እኛ ስንገባ ከንፈሮቹ ሁሉ ቆሙ። ስም የምትቀበለዋ ወጣት ፈገግ ብላ ወደ ሶፋው አሳየችን። ሦስቱም ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን አስተካክለው ባሉበት ቆሙ።

«መቀመጥ ይችላሉ እኮ» አለችኝ።

«ጉዳያቸው እስኪሰማ አይቀመጡም» አልኳት።

«ምን ጉዳይ?»

እንዴት ብዬ ላስረዳት? ሌላ ቀን ቢሆን ወለሉ ተከፍቶ ቢውጠኝ እመርጥ ነበር። ያን ቀን ግን አያቴ በሕይወት አሉ፤ ስልክ ላይ ተቀምጠውበት ነው። ከዚያ በኋላ የሚያሳፍር ነገር አለ? «እኛ ሀገር ትልቅ ነገር ሲጠየቅ ትልልቅ ሰዎች ይላካሉ» አልኳት። «እኔን ሊጠይቁልኝ ነው የመጡት።»

ወጣቷ ተነሥታ ወደ ውስጥ ገባችና ሽበት ያላት፣ እርሳስ ጸጉሯ ላይ የሰካች ሴት ይዛ ወጣች። ዳይሬክተሯ ናት። ባለ ከዘራው ባርኔጣቸውን አወለቁ። እኔ እየተረጎምኩ ጀመሩ።

«እመቤቴ፣ እንደምን አደሩ። እኛ የዚህች ልጅ ዘመዶች ነን። በሥጋ አይደለም፤ ግን ነን። በስምንት ዓመቷ ስትመጣ በረዶ አይታ ያለቀሰች ጊዜ እኔ ነበርኩ። ጨዋ ናት። ቤተሰቧን እናውቃለን። ዝም ብላ መቀመጥ አትችልም፤ ይህን አንደብቅም። ግን የምትናገረው ነገር አላት። እንድትሰሟት ልንለምን ነው የቆምነው።»

«ዝም ብላ መቀመጥ አትችልም» የሚለውን መተርጎም አልፈለግሁም ነበር። ተረጎምኩት።

ዳይሬክተሯ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። እንዲህ አለች፦ «እንደ ሁሉም ልጆች እናያታለን፣ ይህን ቃል እገባለሁ። ከዚያ እርስ በርሳችን ተመካክረን መልሱን በሚቀጥለው ሳምንት እናሳውቃችኋለን።»

ስተረጉመው ሦስቱም ተያዩ። ባለ ከዘራው በረጅሙ ተነፈሱ።

«ሰማችሁ?» አሉ። «ተመካክረን እናሳውቃችኋለን አለች። የጨዋ ቤት መልስ ነው!»

ተቀመጡም። ሶፋው ሦስቱንም እስከ ወገባቸው ዋጣቸው።

ስሜ ሲጠራ ገባሁ። ክፍሉ ጥቁር ነው፤ ወለሉ ላይ የምቆምበት ቦታ በነጭ ፕላስተር ተለጥፏል። ጠረጴዛው ጀርባ ሦስት ሰዎች። «ዝግጁ ስትሆኚ» አለችኝ ዳይሬክተሯ። እግሬ ይንቀጠቀጣል። ልያዘው ብዬ ነበር፤ ከዚያ ተውኩት። ስልክ የምትደውለዋም ልጅ እኮ አላርፍ ያላት ናት። ይንቀጥቀጥ። እጄን ጆሮዬ ላይ አደረግሁ፤ ጀመርኩ።

ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ዳር ያለው ሰውዬ ሳቀ። ከዚያ ሁለተኛዋ። ሳምንቱን ሙሉ የጠፋው ሳቅ የት እንደነበር አላውቅም፤ ተመልሶ መጣ። ፕላስተሩን ለቅቄ ሄድኩ፣ ኔትወርክ ፍለጋ ወንበር ላይ ወጣሁ፣ ወረድኩ። መጨረሻው ጋ ስደርስ፣ መስመሩ ተቋርጦ ልጅቷ የምትጣራበት ጋ፣ ሳምንቱን ሁሉ ሳቋርጥበት የነበረው ጋ፣ ቆምኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው መሰለኝ ሳልንቀሳቀስ የቆምኩት። «አባባ? አሉ?» አልኩ። በእንግሊዝኛ አልነበረም፤ ከአፌ የወጣው በአማርኛ ነው። ጠበቅሁ። በእውነት መልስ የምጠብቅ ሰው እንደሚጠብቀው ጠበቅሁ። እንደሚያነሡ አውቃለሁ።

ማንም አልሳቀም። ዳይሬክተሯ እርሳሱን ከጸጉሯ አውጥታ አንድ ነገር ጻፈች። «አመሰግናለሁ» አለች፤ ለሁሉም የምትለው ነው።

መልሱ ሐሙስ መጣ፤ አውቶቡስ ውስጥ። ኢሜይሉን ከፍቼ ጮህኩና ሹፌሩ ፍሬን ያዘ። ገና አልወሰዱኝም። ቅዳሜ ተመልሰሽ ነይ፣ በድጋሚ እንይሽ ነው የሚለው። ቤት እስክደርስ መቀመጥ አልቻልኩም፤ ባዶ ወንበር እያለ ብረቱን ይዤ ቆሜ ሄድኩ።

«ሁለተኛ ጥሪ?» አለ አባቴ።

«ኮልባክ ይባላል። ሁሉም አይጠራም እኮ፣ አባዬ! ጥቂት ሰው ነው!»

«የእኛም እንዲሁ ነው» አለ ረጋ ብሎ፤ እጁ ግን ስልኩን እየፈለገ ነው። «በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል ቤት የለም። ሁለተኛ መምጣት ደንቡ ነው።»

እማዬ ከኩሽና ብቅ አለች። «ደግሞ በጠዋት በሬን እንዳታንኳኩ!» አለች። «ታች ሆናችሁ ደውሉ!»

አባቴ ቁጥሩን ሊነካ ሲል ስልኩን ከእጁ ወሰድኩት። «እኔ ልደውልላቸው» አልኩ። ባለ ከዘራው ወዲያው አነሡት። ለካ ትራሳቸው ሥር ነው የሚያስቀምጡት።

«አባባ፣ ጠርተውኛል! ቅዳሜ ይመቻችኋል?»

መጀመሪያ እግዚአብሔርን አመሰገኑ፤ ረዘም አድርገው። ከዚያ «ንግግሩን ላሳጥረው ወይስ እንደ ባለፈው ይሁን?» አሉ።

«እንደ ባለፈው። ዝም ብላ መቀመጥ አትችልም የሚለው እንዳይቀር።»

«እሱማ አይቀርም።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እንዲያው አንድ ነገር ልጠይቅሽ። በዚህኛውም ቆመን ነው የምንጠብቀው?»

«ደንቡ ነው እኮ፣ አባባ።»

«ደንቡማ ነው» አሉ። «ደንቡማ ነው። ግን ያ ሶፋ ሲመች።»